ደብረ ብርሃን፦ መሬቱ ለማኅበር ቤት ወይስ ለኪራይ ፎቅ?

የጠባሴ ልጅ፦ በ1999ኙ ቆጠራ ደብረ ብርሃን 65,231 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ለውጡን ለማየት ግን ቆጣሪ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ የቢራ ፋብሪካዎች መጡ፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በኋላም ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን መጥተው ተጠለሉ። ቤቱ ግን በዚያ ልክ አልተሠራም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የቀረው መሬት ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት ይከፋፈል ወይስ የኪራይ ፎቅ ይሠራበት? እኔ ፎቁ ይቅደም እላለሁ።

መምህሩ፦ እኔ አልስማማም። አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬ ስድስት ግቢ ቀያይሬአለሁ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳትደርስ ሦስት ትምህርት ቤት አይታለች። በማኅበር ተደራጅተን ብራችንን ዝግ ሂሳብ አስገባን። ብሩ እዚያው ተቀመጠ፤ ሲሚንቶና ብረት ግን ጣራ ነካ። አሁን ተራችን ሲቃረብ «መሬቱ ለፎቅ ነው» ልትሉን ነው? በኪራይ ቤት ሰው ሥር አይሰድም።

የፓርክ ሠራተኛዋ፦ መምህር፣ ድካምዎ ይገባኛል። እኛ ግን አንድ ክፍል ውስጥ አራት ነን። ሁለቱ ሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ነው ሁለታችን ተዘርግተን የምንተኛው። ከደሞዛችን ኪራይና አስቤዛ ሲነሳ ለማኅበር የሚቆጠብ አይተርፍም። የራሴ ቤት ይሰጠኝ አላልኩም። የሚቆለፍ በር ያለው ክፍልና ከፈረቃ ስመለስ መብራት ያለው መንገድ ነው የምፈልገው።

አከራይዋ፦ ልጄ፣ እኛንም ስሙን። ጡረታ የለኝም፤ የምታኖረኝ ያቺ ሰርቪስ ናት። ጭቃ ቤቴን አፍርሼ አንድ ፎቅ ብሠራ ስምንት ክፍል ይወጣኝ ነበር። ማን ያበድረኛል? ለትልልቅ ሕንፃ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለእንደኔ ዓይነቷ ቢደርስ፣ አንድ ካሬ አዲስ መሬት ሳይነካ ክፍል በዛ ማለት ነው።

የገበሬው ልጅ፦ እማማ ያሉት ልክ ነው። «የቀረው መሬት» ስትሉ ባዶ ሜዳ ይመስላችኋል። አባቴ ገብስ የሚዘራበት ማሳ ነው እኮ! አዋጅ 1161/2011 መሬት ሲወሰድ ካሳ ይከፈል ይላል። የጎረቤታችን ካሳ ግን ሁለት ክረምት አልተሻገረም። ልጆቹ ዛሬ ከተማ ውስጥ ተከራይ ናቸው። ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ አንድ ግቢ ከታደለ ገብሳችን የት ይሄዳል?

የጠባሴ ልጅ፦ እኔንም ያሳሰበኝ ይኸው ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የገጠር ሴት በአማካይ 5.2 ልጅ ስትወልድ የከተማዋ 2.3 ነበር። ስለዚህ እንደኛ ያለ ከተማ በዚህ ፍጥነት የሚያድገው በወሊድ ሳይሆን በመጪው ነው። መጪው ደግሞ ወጣት፣ ያላገባ፣ ሻንጣ ብቻ ይዞ የሚመጣ ነው። የቤት እቅዳችን ግን ዛሬም የሚያየው ባል፣ ሚስትና ግቢ ነው። ያቺ የፈረቃ ልጅ በየትኛው ቅጽ ላይ ተመዝግባለች? በየትኛውም!

መምህሩ፦ ወጣት ሆና አትቀርም እኮ። ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች። የዛሬ አሥር ዓመት እኔ ያለሁበት ቦታ ትቆማለች። ያኔም ተከራዪ ትሏታላችሁ? የገብሱ ነገር ግን ልቤን ነክቶታል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። እንዲህ ቢሆንስ፦ ማኅበራችን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ይሥራ። ምድር ቤቱን ለሠራተኞች እናከራይ፤ ኪራዩ የግንባታ ዕዳችንን ይክፈል። ለዚህ አባሎቼን ለማሳመን ቃል እገባለሁ።

አከራይዋ፦ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ፎቁ ሲያልቅ የኔን ክፍል ማን ይከራያል?

የገበሬው ልጅ፦ እማማ፣ ሰው እየመጣ ባለበት ከተማ ክፍል ጾሙን አያድርም።

የፓርክ ሠራተኛዋ፦ መምህር፣ ለቃልዎ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። አዋጅ 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጽና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም የተፈረመ ውል በእጄ ይዤ አላውቅም። ምድር ቤቱን ስታከራዩን በወረቀት ታደርጉልናላችሁ?