«በግ» የሚል ሎጎ ብናደርግ መሳቂያ እንሆናለን?

ጠያቂዋ (ደብረ ብርሃን)፦
እንዴት ከረማችሁ? ከታላቅ ወንድሜ ከግርማ ጋር በመንዝ በግ ጠጉር ስጋጃና ባና እያሠራን እንሸጣለን። እኔ በላይነሽ ነኝ። ማስታወቂያ የሚሠራልን ልጅ «ከስማችሁ መጀመሪያ ሎጎ ላውጣ» አለና በእንግሊዝኛ ፊደል «ቢጂ» ብሎ አመጣ። እናቴ አየችና «የቢጂአይን ቢራ ልትሸጡ ነው እንዴ?» አለች። እሺ፣ በአማርኛ ይሁን ብለን ሁለቱን ፊደሎች ጎን ለጎን ብናስቀምጥ «በግ» ሆነ! በሳቅ ፈረስን። ግርማ «ታላቅ እኔ ነኝ፣ ልቅደም» ብሎ ነበር። ያኔ ደግሞ «ግበ» ይሆናል፤ ምንም ማለት አይደለም። የበግ ጠጉር ለሚሸጥ ሰው ይህ ሎጎ ያምራል ወይስ መቀለጃ ያደርገናል?

የሸዋ ሮቢቱ፦
እታለም፣ በቅደም ተከተል አትጣሉ። የኮምፒውተሩን ኩባንያ ኤችፒን የመሠረቱት ሂውሌትና ፓካርድ እንኳ የማን ስም ይቅደም ሲሉ ሳንቲም ወርውረው ነው የለዩት። ለእናንተ ፊደሉ ራሱ ፈርዷል። ደግሞ ባዶ ፊደል ለማያውቅሽ ሰው ምንም አይነግረውም። «ቀ.ኃ.ሥ.» ሲባል ሁሉም የሚገባው ንጉሡን ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። የእናንተ ግን ቃል ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ ብሆን አልለቀውም።

ከአዲስ አበባ፦
የንግድ ምልክት ላስመዘግብ ካልሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። በአዋጅ 501/1998 ፊደልም ምልክት መሆን ይችላል፤ ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል። ዕቃውን በቀጥታ የሚገልጽ ቃል ብቻውን ከሆነ ግን ችግር አለው። ስለዚህ የፊደሉ አሣሣል የራሳችሁ ይሁን። ሳታስመረምሪ ታፔላ እንዳታሠሪ!

ጠባሴ ያለሁ ሰዓሊ፦
በወረቀት ላይ አትፍረጂ። በጠጉር አሠሪው። ክሩ ወፍራም ነው፣ ቀጭን መስመር ይውጣል። «ግ» ከ«ገ» የምትለየው በትንሽ ነገር ነው፤ እሷ ከጠፋች «በገ» ብለሽ ትሸጫለሽ። ፊደሉን አወፍሪው፣ ሁለት ቀለም ይበቃል፦ የጥቁርና የነጭ በግ የራሱ ቀለም። ማቅለሚያም አታወጪም።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! ትናንት የስጋጃ ጥግ ላይ አሠራሁት። ሰዓሊው እንዳለው የመጀመሪያው «በገ» ሆነ፤ አስፈትቼ አሳደግሁት፣ አሁን ከበሩ ሆኖ ይነበባል። ግርማ ብቻ ገበያ ላይ «በጉ መጣ» እንዳይሉት ፈርቷል። እኔ ግን ዱሮም በሌለበት እንደዚያ እንደሚሉት አልነገርኩትም።