ካርዱ ምርጫቸውን ያሳየኛል፣ ሐሳባቸውን ግን አያሳየኝም

ሐዋሳ ውስጥ 3ኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችን ክሊኒካል ሪዝኒንግ (ከታካሚው ምልክቶች ተነስቶ በሽታውን የማሰብ ዘዴ) አስተምራለሁ። ክፍሉ 52 ልጆች አሉት። ያለኝ ፕሮጀክተር፣ የራሴ ስልክና አትሜ ያከፋፈልኳቸው የፕሊከርስ ካርዶች ናቸው። ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ካርዱን ያነሳል፤ እኔ በስልኬ ካሜራ አነባለሁ።

መጀመሪያ በየስልካቸው የሚመልሱበትን መተግበሪያ ሞክሬ ነበር። ቶሎ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጥ ነገሩ ሩጫ ሆነና በጥያቄው ውስጥ ያለችው ታካሚ ተረሳች። የግማሹም ዳታ አልቋል። ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ያቀረብኩት ኬዝ ይኸው። የ24 ዓመት ሴት፣ ከትናንት ጀምሮ ሆዷን በቀኝ በታች በኩል ያማታል። አብዛኛው «ትርፍ አንጀት» አለ። ቀጥዬ የወር አበባዋን ካየች 7 ሳምንት እንደሆናት ነገርኳቸው። ካርዱ ሁሉ ዞረና «ከማህፀን ውጭ እርግዝና» ሆነ። ደስ አለኝ። «ለምን ቀየራችሁ?» ስል ግን ጸጥ። አንዱማ «ሌሎቹ ሲያዞሩ አይቼ ነው» አለኝ። ቢያንስ አልዋሸም።

ከዚያ ውጤቱን ደብቄ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር 2 ደቂቃ ተወያይተው እንደገና እንዲመርጡ አደረግሁ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ያስፋፋው ዘዴ ነው። ትክክለኛው መልስ ጨመረ። ግን ድምፁ ጎላ ያለው ጓደኛውን ይጎትታል፤ በምን እንዳሳመነው ካርዱ አይነግረኝም። 52 ሰው አንድ በአንድ መጠየቅ ደግሞ በ50 ደቂቃ የማይታሰብ ነው።

አራት ምርጫ ብቻ ባለው ካርድ፣ የደረሱበትን በሽታ ሳይሆን ሐሳባቸውን ያስቀየረውን ፍንጭ እንዲያሳየኝ ጥያቄውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?