ፗሮን በረዶ ላይ ማስለቀስ ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ባለፍላሽ (ባሕር ዳር)፦
እሺ ቤተሰብ፣ ግማሻችሁ ከእኔ ፍላሽ ገልብጣችሁ የምታዩትን ፗሮን ዛሬ እንከራከርበት። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ፗሮ አጋታ ክሪስቲ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ የፈጠረችው መርማሪ ነው። ቤልጂየማዊ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሰዶ እንግሊዝ የገባ። አጭር፣ ጢሙን በሰም የሚያሾል፣ ጫማው ላይ አቧራ ካየ ቀኑ የሚበላሽበት ሰውዬ። አይቲቪ የሚባለው የእንግሊዝ ጣቢያ ከ1989 እስከ 2013 በ70 ክፍል ሠራው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፗሮን የተጫወተው ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ ዴቪድ ሱሼ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ድራማው መጽሐፎቹን እንዳሉ አልወሰደም። ሰው ይጨምራል፣ ዘመን ያዛውራል፣ መጨረሻ ይነካካል። በተለይ በ2010 የወጣው «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» የሚለው የባቡሩ ክፍል ላይ ያን ኩሩ ሰውዬ መቁጠሪያ አስጨብጠው በረዶ ላይ አስለቀሱት። ልክ ነው ወይስ አይደለም? መጨረሻውን ያላያችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ፣ ገዳይ በስሙ ይጠራል። ስድብ የለም።

የማርቆስ መምህር፦
ልክ አይደለም። መጽሐፉ የወጣው በ1934 ነው። ባቡሩ ዩጎዝላቪያ ውስጥ በረዶ ይይዘዋል፣ አንድ ተሳፋሪ 12 ቦታ ተወግቶ ይገኛል። ሟቹ ሕፃን ልጅ አግቶ ያስገደለና ከፍርድ ያመለጠ ሰው ነው። የወጉት ደግሞ 12 ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጊዜ። ፗሮ ሁለት መልስ ያቀርባል፣ አንዱ ሐሰት አንዱ እውነት። የባቡር ኩባንያው ሹምና ሐኪሙ ሐሰቱን ይመርጣሉ፣ ፗሮም ከጉዳዩ ወጣሁ ይላል። አለቀ። በጥቂት መስመር! ሌሊቱን የሚገላበጠው አንባቢው ነው። ደራሲዋ ፍርዱን ለእኔ ትታልኛለች። ድራማው ግን ሰውዬውን እያስለቀሰ ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ ይነግረኛል። ይባስ ብሎ ሐኪሙንም ከገዳዮቹ አንዱ አደረገው። በመጽሐፉ ከጉዳዩ ውጭ ሆኖ የሚፈርድ ሁለተኛ ሰው ነበር፣ እሱን አጠፉት።

የዳሞት እህት፦
መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ «ይሄው ነው?» ነው ያልኩት። 12 ሰው ተማክሮ አንድ ሰው ገድሎ፣ የዓለም ትልቁ መርማሪ «በሉ ደህና ሁኑ» ብሎ ሲሄድ እርስዎን አልቆረቆረዎትም? እኛ ዘንድ እኮ ደም ፈሶ ዝም አይባልም። ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ካልሆነ ደም መላሽ ይነሳል፣ ልጁ ካልደረሰ የልጅ ልጁ ይነሳል። ፗሮ ያለቀሰው ይሄ ስለገባው ነው። ደግሞ ካቶሊክነቱን ድራማው አልፈጠረውም፣ መጽሐፎቹ ላይም አለ።

የማርቆስ መምህር፦
አለ፣ ግን በየቦታው ጠብ ጠብ ያለ ነው። ጠብታውን አንስቶ ጎርፍ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ግሽ ዓባይ (ሰከላ)፦
የእኔ አቤቱታ ሌላ ነው። «ሞት በዓባይ ላይ» የሚለውን ክፍል አያችሁት? የ2004ቱን። ሀብታሟን ሙሽራ መርከብ ላይ ገድለው ሽጉጡን ውሃ ውስጥ ወረወሩት። ውሃው ከየት ሄደ? ከደጄ! በመጽሐፉም በፊልሙም ሰከላን የጠራት የለም። በዓባይ ተጨዋውተው፣ በዓባይ ተጋድለው፣ ምንጩን ሰላም የሚል ጠፋ። ቀጥሉ፣ ልቤን ልተንፍስ ብዬ ነው።

ጠበቃው (ፍኖተ ሰላም)፦
የመጽሐፍና የፊልም ነገር ለእናንተ። እኔን የሚያናድደኝ ሰውዬው ራሱ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ ሁሉንም ሰው አንድ ሳሎን ይሰበስባል፣ አንዱን ሲወጋ፣ ሌላውን ሲያሳፍር፣ ያንዷን የድሮ ገመና ሲያወጣ ቆይቶ «ገዳዩ አንተ ነህ» ይላል። ይሄ አውጫጭኝ ነው! አባቶቻችን ሲያደርጉት የነበረው። ሰው ሲገደል ወይ ከብት ሲሰረቅ አገሩን አንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ፣ የቀረውን እየቀጡ፣ «ወፍ ነገረኝ» እየተባለ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማቆየት። ልዩነቱ ፗሮ ሻይ ማቅረቡ ብቻ ነው። ማስረጃውን ብታዩት ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት የማይቆም ነው። ተጠርጣሪው በንዴት ብድግ ብሎ ባያምን ኖሮ ዓቃቤ ሕጉ ባዶ እጁን ነበር። እኛ አገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ማንም ተገዶ አያምንም ይላል።

የዳሞት እህት፦
ጋሼ ጠበቃ፣ ማን አስገደደ? በሩ ክፍት ነው እኮ።

ጠበቃው፦
ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሞ? ተይኝ እባክሽ።

ባለፍላሽ፦
ሃሃሃ። ግን ይሄ ነጥብ ለክርክሩ ይጠቅማል። ሳሎኑ ውስጥ የሚሰበስበው መጽሐፉም ላይ ነው፣ ድራማው አልጨመረውም። ያልተቀየረውን ትተን የተቀየረውን እናንሳ። ለምሳሌ የፗሮ ወዳጅ ሄስቲንግስ። በመጽሐፎቹ አግብቶ አርጀንቲና ሄዶ የለ? ድራማው ግን በሌለበት ብዙ ታሪክ ከፗሮ ጎን ያቆመዋል። ፖሊሱ ኢንስፔክተር ጃፕና የፗሮ ጸሐፊ ሚስ ሌመንም እንደዛው።

የማርቆስ መምህር፦
ለእሱ እንኳ አልጣላም። አጫጭሮቹን ታሪኮች ሲሠሩ ሦስቱ ያስፈልጉ ነበር። ሰው ብቻውን ስክሪን ላይ አያስብም፣ የሚያናግረው ይፈልጋል። እኔን ያበሳጨኝ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ነው። የ1926ቱ መጽሐፍ ታላቅነት ምኑ ላይ ነው? ታሪኩን የሚነግረን የመንደሩ ሐኪም ራሱ ገዳዩ መሆኑ ላይ። ያመንነው አፍ ነው የከዳን። በ2000 ድራማ ሲያደርጉት ያን አፍ ነጠቁት። ፗሮ ማስታወሻ ደብተር ሲያነብ እንሰማለን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ በሽጉጥ መሯሯጥ። በሽጉጥ! ፍቅር እስከ መቃብርን ወስዶ ጉዱ ካሳን ዝምተኛ፣ ፊታውራሪ መሸሻን ሩህሩህ የሚያደርግ ዳይሬክተር ቢመጣ የማንኩሳ ሰው በዱላ ነው የሚሸኘው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እኮ ታሪኩን አልነካም፣ ድምፁን ነው የሰጠው። ዛሬም መጽሐፉን ስገልጥ የምሰማው እሱን ነው።

የዳሞት እህት፦
በአክሮይድ አብሬዎት ነኝ፣ ያ ክፍል ተበላሽቷል። ግን የሬዲዮ ትረካና ድራማ አንድ አይደሉም መምህር። ትረካ መጽሐፉን ማንበብ ነው። ካሜራ ሰው ልብ ውስጥ መግባት አይችልም፣ ፊት ነው የሚያየው። ስለዚህ ልብ ውስጥ ያለውን ወደ ፊት ማውጣት ግዴታው ነው። መቁጠሪያውም ለዚያ ነው የመጣው።

ሞጣዬ፦
ዘመኑስ? ክሪስቲ ፗሮን ከ1920 ጀምራ እስከ 1975 ነው ያሳተመችው። ሰውዬው ከአገሩ ጋር እየተቀየረ ሄዷል። በ1966 በወጣው «ሦስተኛዋ ልጅ» ላይ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ የለንደን ጎረምሶች መሀል ግራ የገባው ሽማግሌ ነው። ለእኔ ደስ የሚለው ፗሮ እሱ ነበር። ድራማው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጎትቶ 1930ዎቹ ውስጥ ከተተው። ሁልጊዜ አዲስ ባርኔጣ፣ ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ መኪና፣ ሁልጊዜ ያ የሚኖርበት ነጭ ሕንፃ። ኋላ ኋላ ታሪኩን ትቼ ዕቃ ነው የማየው።

የዳሞት እህት፦
ሕንፃውማ እውነተኛ ነው ወንድም ዓለም፣ ለንደን ውስጥ ዛሬም አለ፣ በ1936 የተሠራ ነው። እና ሂሳቡን አስላው እስኪ። በአንደኛው ጦርነት ጊዜ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነበር። በ1966 ስንት ዓመቱ ነው? ከመቶ በላይ! ደራሲዋ ራሷ ሽማግሌ አድርጋ መጀመሯ ስህተት እንደነበር በግለ ታሪኳ ጽፋለች። ድራማው እሷ ማረም ያልቻለችውን አረመላት።

ሞጣዬ፦
አረመላት አትበይኝ። ልብ ወለድ ውስጥ ዕድሜ በጣት አይቆጠርም። እኔ ያጣሁት ዓለም እያለፈችው ሲሄድ የሚያይ ሰው ነው። ሽማግሌ አጎት ያለው ያውቀዋል፣ ይሄን ሁሉ ስልክና ሞተር ሳይክል አይቶ ዝም ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ። በ1930ዎቹ ውስጥ የቀረው ፗሮ ግን ሁልጊዜ በራሱ ሰዓት ላይ ነው፣ የሚናፍቀው የለውም።

ባለፍላሽ፦
ይሄ ጠንካራ ነው። መልስ ያለው?

የዳሞት እህት፦
አለኝ፣ የመጨረሻው ክፍል ነው መልሱ። «መጋረጃ»ን ያያችሁ? መጽሐፉን ክሪስቲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽፋ ቆልፋ አስቀመጠችው፣ የወጣው በ1975 ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ለፗሮ እንደ እውነተኛ ሰው የሞት ዜና ፊት ገጹ ላይ ጻፈለት። ድራማውም በ2013 መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። እዚያ ላይ ፗሮ አርጅቷል፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው፣ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ነገር የለም። ቤቱ የጨለመ፣ ሄስቲንግስም ሽበት ያወጣ ነው። የፈለግከው ሽማግሌ እዚያ አለልህ ሞጣዬ።

አሁን ወደ መቁጠሪያው። በ«መጋረጃ» ገዳዩ ኖርተን የሚባል ሰው ነው፣ በእጁ ግን ማንንም አልገደለም። ሰው ጆሮ ውስጥ ክፉ ወሬ እያንጠባጠበ ሌላውን ያስገድላል። ሕግ አይይዘውም። ፗሮ ምን አደረገ? ራሱ ገደለው። ግንባሩን መሀል ለመሀል፣ ተስተካክሎ፣ ያ ለእኩልነት የታመመ ሰውዬ ጥይቱን እንኳ ወደ ጎን አላዘነበለም! ከዚያ የልብ መድኃኒቱን ከአጠገቡ አርቆ ሞቱን ጠበቀ። አሁን ንገሩኝ። ባቡሩ ውስጥ 12ቱን «በሉ ደህና ሁኑ» ብሎ በቀላሉ የለቀቀ ሰው ነው መጨረሻ ላይ በአንድ ነፍስ የሚጨነቀው? ወይስ በ2010 በረዶ ላይ ያለቀሰው? ድራማ ሠሪዎቹ መጨረሻው ወዴት እንደሚሄድ አውቀው ዕዳውን ቀድመው መክፈል ነው የጀመሩት። የአክሮይድ ሽጉጥ ግን ለማንም ዕዳ አልከፈለም፣ ለጩኸት ብቻ ነው። ለእኔ መቀየር የሚፈቀደውና የማይፈቀደው እዚህ ላይ ይለያል።

ግሽ ዓባይ፦
ኧረ ይቺ ልጅ! መምህር፣ ምን ይላሉ?

የማርቆስ መምህር፦
ጥሩ ተናገረች። ግን አልተሸነፍኩም። መጽሐፉም ላይ እኮ ፗሮ ለሄስቲንግስ በተወው ደብዳቤ ያደረገው ልክ ይሁን አይሁን እንደማያውቅ ይጽፋል። ክሪስቲ ያንን ያለ ምንም በረዶ፣ ያለ ምንም እንባ ነው ያደረሰችው። ያ ሁሉ ዓመት ሲኮራ፣ «እኔ አልሳሳትም» ሲል የኖረ ሰው መጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» ሲል ነው የሚያስደነግጠው። በየክፍሉ ሲጨነቅ የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ ቢጨነቅ ምኑ ይገርማል? ቀድሞ ያለቀሰው ሰው የኋለኛውን ቀነሰብኝ።

የዳሞት እህት፦
በየክፍሉ አይባልም መምህር፣ እኛ ያነሳነው አንድ ክፍል ነው። ተጋነነ።

ሞጣዬ፦
እኔ ደግሞ የምጠይቀው፣ እኛ መቼ ነው የምንሠራው? በጃንሆይ ዘመን፣ ጭቃ ሹሙ፣ አውጫጭኙ፣ ዳኛው፣ አንድ ደብተራ መርማሪ አድርገህ… ታሪኩማ አለ።

ጠበቃው፦
አውጫጭኝ ካለበት መርማሪ ምን ይሠራል? አገሩ በሙሉ መርማሪ ነው። ይልቅ አገሩ ሁሉ የተሳሳተውን ሰው አወጣ፣ አንድ ሰው ብቻ «እሱ አይደለም» አለ በል። እሱን አየዋለሁ።

ባለፍላሽ፦
እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን፣ ደስ ይላል። ጋሼ ጠበቃ፣ አንድ ነገር ብቻ። ፗሮ ኖርተንን የገደለው እኛ አገር ቢሆን በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል?

ጠበቃው፦
በወንጀል ሕጉ 539። አስቦበት ነው፣ ተዘጋጅቶበት ነው፣ ቁልፍ አሠርቶ፣ ሰው አስተኝቶ ነው። ማቅለያ አለው፣ ዕድሜው፣ የቀድሞ ጠባዩ። ግን ተከሳሹ ስለሞተ መዝገቡ ይዘጋል።

የማርቆስ መምህር፦
የእሱ ይዘጋ። የአክሮይድ ይግባኝ ግን ክፍት ነው።