ቶኪዮ ውስጥ ምሳ የት ይበላል? ጥቆማ ከነሳባው

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። "ቶኪዮ ልመጣ ነው፣ ምሳ የት ልብላ? አሳማ አልበላም፣ ብርም የለኝም።" ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ቅር የሚላችሁን ልናገር። ራመኑን፣ በመረቅ የሚቀርበውን ኑድል፣ ተዉት። ፎቶው ያምራል፣ ሰልፉም ያጓጓል፣ ግን መረቁ ብዙ ቤት የአሳማ አጥንት ሲፈላበት የዋለ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ሥጋ "አንሱልኝ" ማለት ይቻላል፣ መረቁን ግን ምን ታደርጉታላችሁ?

እኔ የምልካችሁ ቴይሾኩ ቤት ነው። ቴይሾኩ አንድ ትሪ ላይ ተሟልቶ የሚመጣ ምሳ ነው። ሩዝ፣ ሚሶ ሾርባ (ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ)፣ ጨው የበላው አትክልት፣ ከዚያ ዋናው ምግብ። በያይነቱ በሉት፣ እዚህ ግን ሁሉም በየሳህኑ ነው፣ አይነካካም። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ አሥር ወንበር ካላቸው ሰፊ የሚባሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ ባል ያበስላል፣ ሚስት ታስተናግዳለች፣ ወይ ደግሞ ግልባጩ። እኔ የምበላባቸው ቤቶች ዋጋቸው ከ900 እስከ 1,200 የን ነው። ውሃ ወይም ሻይ በነፃ። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፣ በሁለቱም ትርጉሙ።

ምን ልዘዝ ካላችሁ፣ ሳባ ሺዮያኪ። ሳባ ስትሉ ንግሥታችን ትዝ እንደምትላችሁ አውቃለሁ፣ እኔም መጀመሪያ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ። እዚህ ግን ሳባ ቅባታም የባሕር ዓሣ ነው፣ ሺዮያኪ ደግሞ በጨው የተጠበሰ ማለት ነው። ግማሹ ዓሣ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ይመጣል። ቆዳው እሳት ልሶት እዚህም እዚያም ጠቆር ብሏል፣ ቅባቱ ገና ጭስ ጭስ እያለ ይንጨረጨራል፣ በቾፕስቲክ ጫን ስትሉት ኮሽ ይልና ከሥሩ ነጩ ሥጋ ይከፈታል። ከጎኑ የተፈቀፈቀ ነጭ ራዲሽ ጉብ ብሎ ይቀመጣል። እሱ ላይ ሶይ ሶስ ጠብ አድርጉና ከዓሣው ጋር አንሱት። ዓሣው ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፣ ጨው አለው። አሳማ የለበትም፣ ጥሬ አይደለም፣ ያጠግባል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ድሮ ሩዝ በነፃ ይጨመርልን ነበር። በ2025 ግን 5 ኪሎ ሩዝ ከ4,000 የን በላይ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው አንዳንድ ቤቶች ጭማሪውን ማስከፈል ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። "ኦሞሪ" ካላችሁ በዛ አድርገው ያመጣሉ፣ ብቻ ዋጋውን ቀድማችሁ እዩ።

አሁን ሰዓት። ይሄ ዋናው ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ልክ 6 ሰዓት ሲል የቢሮ ሰው ሁሉ አንዴ ይወርዳል፣ ሺምባሺና ካንዳ አካባቢ መንገዱ በነጭ ሸሚዝ ይሞላል። ወይ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ፣ ወይ ከ7 ሰዓት በኋላ። ግን ደግሞ አትዘናጉ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች 7 ተኩል ላይ ትእዛዝ መቀበል ያቆማሉ፣ 8 ሰዓት ይዘጋሉ፣ እስከ ማታም አይከፍቱም። ክፍት መሆኑን የምታውቁት በሩ ላይ በተንጠለጠለው ጨርቅ ነው፣ ኖረን ይሉታል። ጨርቁ ውጭ ካለ ግቡ። ወደ ውስጥ ከገባ ብታንኳኩም ዋጋ የለውም።

ሌላው የምወደው ኢዛካያ ቤት ነው። ማታ መጠጥ ቤት ነው፣ ሰው ብዙ ብር የሚያወጣበት። ቀን ግን ያው ወጥ ቤት በ1,000 የን ገደማ ምሳ ይሸጣል። አንዳንዱ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው የትናንቱን ማታ ይሸታል። ደፍሮ መውረድ ነው። መግቢያው ላይ በእጅ የተጻፈች ሰሌዳ ካለች የዕለቱ ምግብ እሷ ላይ ነው ያለው፣ ማንበብ ካልቻላችሁ በጣት አሳዩ። አሳማ መሆን አለመሆኑን ግን ጠይቁ። "ቡታ?" በሉ፣ አሳማ ማለት ነው። አዎ ብለው ራስ ከነቀነቁ ወደ ዓሣው።

በጣም ለቸኮለ ጊዩዶን አለ፣ ሩዝ ላይ የተደረገ ስስ የበሬ ሥጋ። ዮሺኖያ የሚባለው ባለብዙ ቅርንጫፍ ቤት ከ1899 ጀምሮ ያለ ነው፣ የተነሣውም ከኒሆንባሺ ዓሣ ገበያ ነው። ማፁያ ደግሞ እዚያው ለሚበላ ሚሶ ሾርባ በነፃ ይሰጣል። በ500 የን ገደማ ትወጣላችሁ። በአሥር ደቂቃ በልቶ መውጣት ነው። ለሆድ እንጂ ለትዝታ አይሆንም።

ሶባ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጠቆር ያለ ቀጭን ኑድል ነው። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቆመው የሚበሉት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ተረጋግታችሁ መብላት ከፈለጋችሁ ግን ካንዳ ሂዱ። ያቡ ሶባ በ1880 የተከፈተ ነው፣ በ2013 እሳት ነክቶት በ2014 እንደገና ተከፈተ። ከእሱ ሳትርቁ ካንዳ ማፁያ አለ፣ የ1884 ቤት፣ ከላይ ካልኩት ከጊዩዶኑ ማፁያ ጋር ስም ብቻ ነው የሚያገናኘው። እኔ ሁለተኛው ይሻለኛል፣ የማላውቀው ሰው አጠገብ ተጠጋግቶ መቀመጡ ራሱ ሰፈር ሰፈር ይለኛል።

ሶባ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ቀዝቃዛ ሶባ አዘዝኩ። ኑድሉ በቀርከሃ ርብራብ ላይ መጣ፣ ሶሱ በትንሽ ኩባያ ለብቻው። እኔ ወጥ መስሎኝ ሶሱን አንስቼ ገለበጥኩበት። ርብራቡ ደግሞ ወንፊት ነው! ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያ ሱሪዬ ላይ። አስተናጋጇ ትልቅ ሴትዮ ነበሩ፣ ምንም ሳይሉ ፎጣና አዲስ ኩባያ አመጡ። እናንተ ኑድሉን ትንሽ ትንሽ እያነሣችሁ ኩባያው ውስጥ ነክራችሁ ብሉ። ሲያልቅ ኑድሉ የተቀቀለበትን ትኩስ ውሃ ያመጡላችኋል፣ የተረፈው ሶስ ላይ ጨምራችሁ ትጠጡታላችሁ። ድምፅ አውጥታችሁ ሳቡት፣ ነውር አይደለም። እናቴ ብታየኝ ግን ከማዕድ ታስነሣኝ ነበር።

ጥሬ ዓሣ? ክትፎና ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ሱሺ ስናይ ፊታችንን የምናጨማድደው ነገር ያስቀኛል። ምሳ ላይ ሱሺ ከማታው ይረክሳል፣ ሞክሩት። የታወቀው ዓሣ ገበያ ፁኪጂ ካላችሁ ግን የጅምላ ገበያው በ2018 ወደ ቶዮሱ ሄዷል፣ የቀረው የውጭው ገበያ ነው፣ ቱሪስት ይበዛዋል።

ለጿሚ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። አትክልት ብቻ ብላችሁ ብታዙም ግን የሶባው ሶስና ሚሶው ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቅ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ነው የሚሠሩት። እኔ የማውቀው ደህና አማራጭ ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ያለው ቲስ ታንታን ነው፣ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም ወተትም የሌለበት ራመን ይሠራል። ከላይ ራመኑን ተዉ ያልኩትን በዚህ አሻሽሉልኝ። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ደግሞ ትንንሾቹ ቤቶች ቀድመው ይዘጉበታል። ምሳ ዕቃ መያዝ ነው።

የቀሩ ጥቃቅን ነገሮች። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ካርድ የማይቀበል ሞልቷል። በር ላይ ቲኬት የሚሸጥ ማሽን ካለ መጀመሪያ እዚያ ክፈሉ፣ ተቀምጣችሁ አትጠብቁ። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ አታቁሙት፣ የለቅሶ ሥርዓት ነው። ስትወጡ "ጎቺሶሳማ" በሉ፣ እንደ እኛ እግዜር ይስጥልኝ ነው፣ ከወጥ ቤት ድረስ ይመልሱላችኋል። ከአራት በላይ ከሆናችሁ ትንሽ ቤት አትሂዱ፣ ወንበሩን ትጨርሱባቸዋላችሁ።

እንጀራ እንጀራ ካላችሁ ካፁሺካ ወረዳ ዮፁጊ ብቅ በሉ፣ ሐበሻው እዚያ ነው። እኔም እዚያው ነኝ። ምሳ እንጋበዝ ለምትሉ ማክሰኞ ወይ ሐሙስ ይሁን፣ ሳባውን እኔ እከፍላለሁ።