ኮምፒዩተሬ ሰነድ ያገኛል፣ ፎቶ ግን አያገኝም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የፎቶ ቤት ባለቤት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የደንበኞቼን ፎቶዎች የማስቀምጠው ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ሲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ስለሞላብኝ ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ ዲ አዛወርኋቸው። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ወይም የሥራ ውል ስፈልግ ወዲያው ይመጣልኛል፤ ፎቶ ስፈልግ ግን ምንም አልተገኘም ይለኛል። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ስከፍት ስለማያቸው ፎቶዎቹ እንዳልጠፉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከሠላሳ ሺህ በላይ ስለሆኑ በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ነገሩን ያስቸኮለብኝ የአንዲት ደንበኛዬ ጉዳይ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ሠርጓን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እናቷ በቅርቡ ስላረፉ ለአርባቸው የሚሆን ትልቅ ፎቶ እንዳዘጋጅላት ጠይቃኛለች፤ እናቷ ብቻቸውን ሆነው በደንብ የወጡበት ፎቶ ያለው በዚያ ቀን ከተነሡት መካከል ብቻ ነው። «ሰርግ» ብዬ ጽፌ፣ ፎቶዎችን ብቻ እንዲያሳየኝ መርጬ፣ ከስታርት ሜኑም ከዲ ውስጥም ፈለግሁ፤ አረንጓዴው መስመር እስከ ጫፍ ይሄድና ገጹ ባዶ ይቀራል። አርባው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶታልና የምታውቁ ብትረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ፣ ሐዋሳ

እንዲህ ዓይነት ችግር ሲገጥመኝ ኢንዴክሱን እንደገና እገነባዋለሁ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ የሚለውን ከፍተው አድቫንስድን ይጫኑ፤ እዚያ ሪቢልድ የሚል ቁልፍ አለ። ሲጨርስ ፍለጋው ይስተካከላል ብዬ አስባለሁ።

መልስ፦ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ

ወንድማችን የጠቆመው ቁልፍ ጠቃሚ ቢሆንም ለዚህ ችግር መነሻ ሊሆን አይገባም። ኢንዴክስ ማለት ዊንዶውስ ለራሱ የሚያዘጋጀው ማውጫ ነው፤ ከስታርት ሜኑ ስንፈልግ ኮምፒዩተሩ የሚያየው ዲስኩን ሳይሆን ይህንኑ ማውጫ ነው። በማውጫው ውስጥ በነባሪነት የሚገቡት የተጠቃሚው የራሱ ፎልደሮች፣ ማለትም በሲ ላይ ያሉት ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስና የመሳሰሉት ናቸው። የእርስዎ ደረሰኞችና ውሎች እዚያው ሲ ላይ ስለቀሩ ይገኛሉ፤ ፎቶዎቹ ግን ወደ ዲ በተዛወሩበት ቀን ከማውጫው ወጥተዋል። ሪቢልድ የሚያደርገው የተመረጡትን ቦታዎች እንደገና መመዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ዲ ካልተመረጠ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ውጤቱ ያው ይሆናል።

ስለዚህ አስቀድመው በዚያው በኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ ገጽ ላይ ሞዲፋይ የሚለውን ይጫኑና ፎቶዎቹ ያሉበትን የዲ ፎልደር የራይት ምልክት ያድርጉበት። ቀጥሎም አድቫንስድ ውስጥ ገብተው ፋይል ታይፕስ በሚለው ዝርዝር የፎቶ ፋይል ዓይነቶች የሆኑት ጄፒጂ፣ ጄፔግ እና ፒኤንጂ ምልክት እንዳላቸው ይመልከቱ። ምዝገባው በባትሪ ሲሠራ ስለሚዘገይ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ይተዉት። መብራት ድንገት ጠፍቶ ማውጫው ቢበላሽ እንኳ ፎቶዎቹን የሚነካ ነገር የለም፤ ሪቢልድ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያልተመዘገበ ቦታም ቢሆን ዲን ከፍተው ከውስጥ ሲፈልጉ ኮምፒዩተሩ በዝግታ የፋይሎቹን ስም እያነበበ ሊያገኝልዎ ይገባ ነበር። የፎልደሩንና የአንዱን ፎቶ ስም ልክ እንደተጻፈ ቢልኩልን?

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲ በእርግጥም አልተመረጠም ነበር፤ መርጬው አደረ። ጠዋት ሳየው የተመዘገቡት ፋይሎች ቁጥር በብዙ ሺህ ጨምሯል፤ «ሰርግ» ስል ግን አሁንም ባዶ ነው። የሠርግ ፎልደሮቼን ስም የሚጽፍልኝ ረዳቴ ነበር። የሌላ ደንበኛን ፎልደር ከፍቼ ሳየው «የሠርግ ፎቶዎች ሚያዝያ 2014» ይላል፤ በውስጡ ያሉት ፎቶዎች ደግሞ ካሜራው በሰጣቸው ስም ዲኤስሲ ብለው ቁጥር ያስከትላሉ። የምፈልገው የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ ግን አላወቅሁም።

መልስ፦ የኅትመትና የጽሕፈት ሥራ ባለሙያ፣ ጎንደር

ችግሩ የፊደል ነው። እርስዎ የሚፈልጉት በእሳቱ ሰ «ሰርግ» ብለው ነው፤ ረዳትዎ የጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። ለእኛ ድምፁ አንድ ስለሆነ ሳናስተውል እናልፈዋለን፤ ኮምፒዩተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት ዩኒኮድ በሚባለው ሥርዓት ግን ሁለቱ ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ኮምፒዩተሩ በ«ለ» እና በ«መ» መካከል ያለውን ያህል ያራርቃቸዋል። በሀ፣ በሐ እና በኀ፣ በአ እና በዐ፣ በጸ እና በፀ የሚጻፉ ስሞችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ስሟ በጸሎቱ ጸ የተመዘገበ «ጸጋ» የምትባል ደንበኛ በፀሐዩ ፀ ብትፈለግ አትገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት «የ» የምትለዋ ፊደል ናት። የዊንዶውስ ፍለጋ በተመዘገቡ ቦታዎች ላይ ቃልን የሚያመሳስለው ከመነሻው ነው። እኛ ደግሞ የ፣ በ፣ ለ እና ከ የሚባሉትን ከቃሉ ጋር አጣብቀን ስለምንጽፍ፣ «ሠርግ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የሠርግ» የሚለውን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ በፋይል ኤክስፕሎረር መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ የኮከብ ምልክት አስቀድመው፣ የሚያጠራጥረውን ፊደል ትተው *ርግ* ብለው ይጻፉ። በዚህ መንገድ ሰርግም ሠርግም የሠርግም አብረው ይመጣሉ። አንዳንድ የማይፈለግ ነገርም አብሮ መምጣቱ አይቀርም፤ ከሠላሳ ሺህ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ነው።

መልስ፦ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ

እኅታችን በትክክል አግኝታዋለች፤ እኔ ፊደሉን ልብ አላልሁትም ነበር። የምጨምረው አንድ ነገር አለኝ፤ ሲፈልጉ ፎቶዎችን ብቻ የሚለውን ምርጫ ያንሡት። ሠርግ የሚለው ቃል የተጻፈው በፎልደሩ ላይ እንጂ በፎቶዎቹ ላይ አይደለም። ፎልደር ደግሞ ፎቶ ስላልሆነ ምርጫው ራሱን ፎልደሩን ይሰውርብዎታል።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ስሙ ካልረዳ ቀኑ ይረዳል። ጄፒጂ ፎቶ የተነሣበትን ቀን በውስጡ ይዞ ስለሚኖር ፋይሉ ከሲ ወደ ዲ ቢዛወርም አይለወጥም። ኮምፒዩተሩና ካሜራው የሚቆጥሩት ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ጥር 2015 ዓ.ም. ለእነርሱ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023 ያለው ጊዜ ነው። 2015 ብለው ቢፈልጉ ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄድብዎታል። ፎልደሩን በዲቴይልስ መልክ ከፍተው ዴት ቴክን (የተነሣበት ቀን) የሚለውን ዓምድ ከጨመሩ በኋላ በዓምዱ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ሲጫኑ የቀን መቁጠሪያ ይወጣል፤ ከዚያ መምረጥ ይችላሉ። ይህ የሚሠራው የካሜራው ሰዓት በትክክል ተሞልቶ ከነበረ ነው።

ከደንበኞች በቴሌግራም የሚመጡ ፎቶዎችን ግን በዚህ መንገድ አይጠብቁ። በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሣበትን ቀን አይዞም፤ እንደ ፋይል ሲላክ ብቻ ከነመረጃው ይደርሳል። ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ከአይፎን የሚላኩም ካሉ ሄይክ በሚባለው ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። እነርሱን የሚከፍት ተጨማሪ ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ስቶር ካልተጫነ በቀር ዊንዶውስ 10 ምስላቸውን አያሳይም፤ በጄፒጂ ስም ሲፈለጉም አይገኙም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምርጫውን አንሥቼ *ርግ* ብዬ ስጽፍ አርባ ሰባት ፎልደሮች መጡ። እየከፈትሁ በውስጣቸው ያሉትን ፎቶዎች ቀን ጃንዋሪ 22 ብዬ ስመርጥ ፎቶ የወጣው ከአንዱ ብቻ ነው፤ «የሠርግ ፎቶዎች ጥር 14» ይላል፣ 612 ፎቶዎች አሉበት። ዓመተ ምሕረቱም የሙሽራዋም ስም አልተጻፈበትም፤ በዚህ ረዳቴን መውቀስ አልችልም፣ እንዴት እንደሚጻፍ አላሳየሁትም ነበር።

417 ቁጥር ላይ እናቷን አገኘኋቸው። ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይዘው ወደ ውጭ ያያሉ፤ ብርሃኑ ከግራ በኩል ፊታቸው ላይ ወድቋል። ለልጃቸው በስልክ ልኬላት አይታዋለች፤ ይኸው ይሁን ብላለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የ612ቱን ስም አንድ በአንድ ሳልጽፍ መለወጥ ይቻላል?

መልስ፦ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ

ይቻላል። ፎልደሩን ከፍተው ኮንትሮልና ኤ በመጫን ሁሉንም ይምረጡ፤ ቀጥሎ ኤፍ2ን ተጭነው ሠርግ፣ የሙሽራዋን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ከጻፉ በኋላ ኢንተር ይበሉ፤ ዊንዶውስ ራሱ ተራ ቁጥር እየሰጠ ሁሉንም ይሰይማቸዋል። «የ» አይጨምሩበት፤ ሠ ወይም ሰ ከሚሉት አንዱን ወስነውም ለረዳትዎ በወረቀት ጽፈው ኮምፒዩተሩ አጠገብ ይለጥፉለት። ስም ከመለወጥዎ በፊት ፎልደሩን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ የ417ንም ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ቁጥሩ ይለወጣልና።

ጠያቂ

ገልብጫለሁ። ፎቶው በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ዛሬ ታጥቧል፤ ነገ ፍሬም ይገባለታል።