ጥቆማ፦ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን በቡድን ለይቶ ለመሥራት የቱ ይሻላል?

ከቡሬ፦
ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ሦስት ሥራ ይሠራበታል፤ የአማርኛ ጽሕፈት በወርድ፣ የእህል ነጋዴዎች ሒሳብ በኤክሴልና በፒችትሪ፣ የደንበኛ መልእክት በክሮምና በቴሌግራም። መስኮቱ ሁሉ ይደራረብና የአንዱን ደንበኛ ወረቀት ለሌላው እስከማተም ያደርሳል። ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ (የሥራ ሚሞሪው) 4 ጊጋ። ቡድኑን በአንድ ጊዜ የሚቀይር ፕሮግራም ጠቁሙን፤ የሚከፈልበትም ቢሆን ግድ የለም።

ከደብረ ማርቆስ፦
ገንዘብ አታውጡበት። ዊንዶውስ 10 ከወጣበት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ ነገር አብሮት አለ። የዊንዶውስ ቁልፍን ከኮንትሮልና ከዲ ጋር ስትጫኑ አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ (የሥራ ገጽ) ይከፈታል። ዊንዶውስና ኮንትሮል ይዛችሁ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ስትጫኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ያሻግራችኋል። ዊንዶውስና ታብ ሁሉንም ያሳያል፤ እዚያ ላይ መስኮቱን በማውስ ጎትቶ ወደፈለጉት ዴስክቶፕ መጣል ነው። ስም ስጧቸው፦ «ጽሕፈት»፣ «ሒሳብ»፣ «መልእክት»።

ቴሌግራም ለሦስቱም የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ዊንዶውስና ታብ ተጭናችሁ መስኮቱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉና በሁሉም ዴስክቶፕ እንዲታይ የሚለውን ምረጡ። ይህን ካላደረጋችሁ መልእክት ለማየት በከፈታችሁት ቁጥር ከሒሳቡ እየጎተተ ያወጣችኋል።

ሁለት ነገር ያስደነግጣል። አንዱ፣ ሳይታወቅ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ዲ ሲነካ ስክሪኑ ባዶ ይሆንና ሥራው የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም፤ ዊንዶውስና ኮንትሮል ይዞ የግራ ቀስት መጫን ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ዴስክቶፕ የሚዘጋው በዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ኤፍ4 ነው፤ በውስጡ የነበሩት መስኮቶች ወደ ጎረቤቱ ይሄዳሉ እንጂ አይዘጉም። ኦልትና ኤፍ4 ግን ፕሮግራሙን ራሱን ይዘጋል። ጣት ሲሳሳት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ከባሕር ዳር፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን መታወቅ አለበት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የዴስክቶፖቹ ስም ይኖራል፣ ፕሮግራሞቹ ግን አይመለሱም። ለዚያ የሚሆነው የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ፓወርቶይስ ነው፤ በውስጡ ዎርክስፔስስ የሚባል ክፍል አለ። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ከኤስኬፕ ሥር ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ይከፈታል። አዲስ መፍጠሪያውን ንኩ፣ የሒሳብ ፕሮግራሞቹን ብቻ ክፈቱና በቦታ በቦታቸው አስቀምጡ፣ ካፕቸር በሉ፣ ስም ሰጥታችሁ ሾርትከት ዴስክቶፕ ላይ እንዲያወጣ ምልክት አድርጉ፣ ሴቭ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ሾርትከቱን ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ቡድኑ በሙሉ በየቦታው ይከፈታል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያማርርበት፣ ወርድ ይከፈትና ፋይሉ አለመምጣቱ ነው። ዎርክስፔስስ የሚይዘው ፕሮግራሙን እንጂ ፋይሉን አይደለም። ሴቭ ከማድረጋችሁ በፊት በእያንዳንዱ ፕሮግራም ሥር ተጨማሪ ትእዛዝ የሚጻፍበት ሣጥን አለ፤ እዚያ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ። ጥቅሱ ከቀረና በአቃፊው ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ወርድ ፋይሉን አያገኘውም። ፒችትሪን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የምትከፍቱት ከሆነ ደግሞ ፓወርቶይስንም እንደዚያው ክፈቱት፤ አለበለዚያ መስኮቱን ማንቀሳቀስ አይችልም።

ማውረጃው ከ200 ሜጋ ባይት በላይ ስለሆነ ጥቅል አይታችሁ አውርዱ። ከሰው ፍላሽ አትቀበሉት፤ ነፃ ለሆነ ነገር ቫይረስ መግዛት ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦
ቡድን ስትቀይሩ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ የኤክሴል ቀመር በፊደል እየተጻፈ ካስቸገረ፣ ሴቲንግስ ውስጥ የላቀው የኪቦርድ ማስተካከያ ላይ ለየመስኮቱ የተለያየ ኪቦርድ የሚፈቅደውን ምልክት አድርጉ። ወርዱ አማርኛ፣ ኤክሴሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ይቆያል።

ከዳንግላ፦
ማንም ያልነካው ራሙ ነው። ዴስክቶፕ መቀየር መስኮቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ከሚሞሪ አያወርድም። በ4 ጊጋ ሦስቱም ቡድን ክፍት ከሆነ ክሮም ብቻውን ያንቀዋል፤ የተረፈው ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለበጥና ቡድን በተቀየረ ቁጥር ስክሪኑ ደርቆ ይቆማል። ያኔ ፕሮግራሙን አትውቀሱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ተጭናችሁ ፐርፎርማንስ ሥር ሚሞሪ የሚለውን ገጽ እዩ፤ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። አንዱ ባዶ ከሆነ ሌላ 4 ጊጋ መጨመር ከየትኛውም ፕሮግራም የበለጠ ይጠቅማል። ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱ የራሙ ዓይነት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጡና ሂዱ፤ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፣ የላፕቶፕና የጠረጴዛ ኮምፒውተር ራምም የየራሳቸው መጠን አላቸው። ተጨማሪው ራም እስኪመጣ ድረስ ሁለት ቡድን ብቻ ክፈቱ፤ ሦስተኛውን በዎርክስፔስስ ሾርትከት ሲያስፈልግ አስነሡት።

ከቢቸና፦
ዊንዶውስ 11 የማይቀበል አሮጌ ማሽን ካላችሁ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ። የሲናሞን ስሪቱ አራት የሥራ ገጽ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ኮንትሮልና ኦልት ከግራ ወይም ከቀኝ ቀስት ጋር ያሻግራሉ፣ ሺፍት ከተጨመረ መስኮቱንም ይዞ ይሄዳል። ፒችትሪ ግን እዚያ ላይ በቀጥታ ስለማይጫን፣ የሚሆነው ለጽሕፈቱና ለመልእክቱ ማሽን ነው፤ ሒሳቡን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ተዉት።