ካሜራው ሕፃኗን አልቆጠራትም፤ ምን ማስረጃ ላቅርብ?

ከባለቤቴና ከ8 ወር ልጃችን ጋር ሆነን በአውራ ጎዳናው የክፍያ መስመር ሄድን። ደንቡ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የያዘ መኪና በነፃ ይለፍ ይላል። ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። መኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የምታሳውቀውን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን የክፍያ መሣሪያ መስመሩ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ወደ «3+» (ሦስትና ከዚያ በላይ) አዞርኳት። ቀጭ ስትል ሁሉ ሰምቻለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሉ ክፍያው ከነቅጣቱ መጣ። ምክንያቱ «2 ሰው ብቻ ታይቷል» ይላል። ፎቶውን አየሁት። እኔና ባለቤቴ ከፊት ቁጭ ብለናል። የኋላው መስታወት ጠቆር ያለ ነው። የልጅቷ ወንበር ደግሞ ወደ ኋላ የዞረ ስለሆነ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ሻንጣ ነው የሚመስለው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልቆጥራትም ነበር።

ስደውል «ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» አሉኝ። የጉዞ መዝገቡን አወረድኩ፤ መሣሪያዋ «3+» ላይ እንደነበረች ያሳያል። ግን ማን እንደተሳፈረ አይናገርም። ያን ዕለት የሄድነው ለክትባቷ ነበር። ካርዷ ላይ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ ግን የለም። ለመቃወም 9 ቀን ቀርቶኛል።

እንዲህ ያለ ቅጣት ያስነሳችሁ ካላችሁ፣ ሕፃን መኪናው ውስጥ እንደነበረ ያሳመናችኋቸው በምን ማስረጃ ነው?